ዊንዶውስ 10 ላይ የቀረ ላፕቶፕ፦ ምን ይጫንበት?

ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት አፕዴት ማግኘት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ጥገና ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ሆኗል፦ «ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ብሏል፤ ሊኑክስ ይሻላል ይሉኛል፤ ልቀይር ወይ?» ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን በነፃ የሚጫን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ሰውን የሚያሳስተው «ይሻላል» የሚለው ቃል ነው። በቴክኒክ ሚዛን ከተመዘነ ሊኑክስን የሚያስመሰግነው ብዙ ነው። ሚንት የሚባለው ዓይነት አፕዴቱን እናንተ ስትፈቅዱ እንጂ በራሱ ጊዜ አይጭንም፤ በፍላሽ የሚዛመተው የዊንዶውስ ቫይረስ አይሠራበትም፤ የሚገዛ ፈቃድ አይጠይቅም፤ አሮጌ ማሽን ላይም ይንቀሳቀሳል። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሊኑክስ የተጫነለት የሂሳብ ሠራተኛ በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን ይዞ ይመለሳል። ሲስተሙ ተበላሽቶበት ሳይሆን የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አልከፍት ስላለው ነው።

ስለዚህ ከሥራው ጀምሩ። ወረቀት አውጡና ባለፈው አንድ ወር የከፈታችሁትን ፕሮግራም በሙሉ ጻፉ። «አንድ ቀን ያስፈልገኛል» የምትሉትን ሳይሆን በእርግጥ የከፈታችሁትን። ከሥሩ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ የምታትሙበትን ፕሪንተር ሞዴል፣ አማርኛ የምትጽፉበትን ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩ እምቢ ሲል የምትደውሉለትን ሰው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። ሰፈር ውስጥ ያለው ባለሙያ ዊንዶውስ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ ሊኑክስ የጫነ ሰው የሚረዳው በስልክ ወይም በቴሌግራም የሚገኝ ሰው ነው። ያ ሰው ከሌለ ትንሿ ችግር ሳምንት ትፈጃለች።

ወረቀቱ ላይ ፒችትሪ፣ አውቶካድ፣ ኢታብስ ወይም ፎቶሾፕ ካለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል፤ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ። «ዋይን በሚባለው ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ይከፈታል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ለአንዳንድ ቀላል ፕሮግራም ይሠራል። ፒችትሪ ግን ከጀርባው ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ አገልግሎት ያስነሳል፤ ዋይን ላይ የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ተጭኖ ቢከፈት እንኳ የድርጅት ሂሳብ በእንዲህ ያለ መሠረት ላይ አይቀመጥም። ሌላው መንገድ ሊኑክስ ውስጥ ቨርቹዋልቦክስ ጭኖ በውስጡ ዊንዶውስ ማስገባት ነው። ለዚህ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ያስፈልጋል፤ 4ቱ ለውስጠኛው ዊንዶውስ ይሰጣል። ፒችትሪን በወር አንዴ ለሪፖርት ብቻ ለሚከፍት ሰው ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። በየቀኑ ለሚከፍተው ግን ሁለት ሲስተም መንከባከብ፣ ሁለት ጊዜ አፕዴት ማድረግና ፕሪንተሩን በሁለት በኩል ማገናኘት ማለት ነው። ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ኤክሴል መሐል ላይ ነው። ተራ ሠንጠረዥና ድምር ከሆነ ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነፃ የኦፊስ ፕሮግራም ይበቃል። ማክሮ (ሥራውን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) የተጻፈበት የደመወዝ ፋይል ከሆነ ግን ፋይሉን ሊብሬኦፊስ ላይ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ሳትጫኑ አትወስኑ። ማክሮውን በከፊል ብቻ ነው የሚረዳው፤ ሊብሬኦፊስ ለዊንዶውስም ስላለ ሙከራውን ሲስተም ሳትቀይሩ ማድረግ ትችላላችሁ።

ሰው የማይጠብቀው ነገር እዚህ አለ። ሊኑክስ የሚመቻቸው ስለ ኮምፒውተር ብዙ የሚያውቁ ሰዎች ይመስላል። በተግባር ግን ከፕሮግራመሮች ቀጥሎ ሊኑክስ ተጭኖላቸው የማይመለሱት ከሁሉ ያነሰ የሚያውቁት ናቸው። ዩቲዩብ የሚያዩ፣ ቴሌግራም የሚከፍቱ፣ በዙም ከውጭ ልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩ እናት ወይም አባት ከብሮውዘሩ አይወጡም። ክሮም፣ ቴሌግራምና ዙም ሊኑክስ ላይ አሉ። አዶዎቹን በቀድሞ ቦታቸው ካስቀመጣችሁላቸው ለውጡን ብዙም አያስተውሉትም፤ በማያውቁት ማስታወቂያ ላይ ተጭነው የዊንዶውስ ተባይ ማስገባታቸውም ይቀራል። የሚቸገረው መካከለኛው ነው፦ አሥር ዓመት ኦፊስ የሠራ፣ አቋራጭ ቁልፎቹን በጣቱ የሚያውቅ፣ ሰዎች በየቀኑ ዶክመንት የሚልኩለት። እሱ የሚያጣው ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ አሥር ዓመት ያጠራቀመውን ፍጥነት ነው። ይህን ኪሳራ ከቴክኒክ ብልጫው ጋር አብሮ መመዘን ያስፈልጋል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ኦኤስ/2 የሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስሪት 2 ባለ 32 ቢት ነበር፤ አንድ ፕሮግራም ቢንጠለጠል ሌሎቹን ይዞ እንዳይወድቅ አድርጎ ያስተዳድር ነበር። በጊዜው ከነበረው ዊንዶውስ ይልቅ ጠንካራ ነበር። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችንም ስለሚያስኬድ ግን ሶፍትዌር ሠሪዎች ለእሱ ብለው የሚጽፉበት ምክንያት አነሰ። ነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ሰው የሚፈልጋቸው ፕሮግራሞችና የሃርድዌር ድራይቨሮች ወደዚያ አጋደሉ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። መጀመሪያ «አይቀበልም» የተባለው እውነት መሆኑን አረጋግጡ። ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ነው። በኤኤምዲ በኩል በጥቅሉ ከራይዘን 2000 ወዲህ ያለው ነው። የኢንቴልን ትውልድ ከቁጥሩ ታነባላችሁ፤ አይ5-8250ዩ ማለት 8ኛ ትውልድ ነው፣ አይ5-6300ዩ 6ኛ ነው። ገበያችን ላይ ከሚዘወተሩት ያገለገሉ ማሽኖች ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ጂ4 አያልፉም፤ ጂ5 ባብዛኛው ያልፋል። ላቲቲዩድ 7480 አያልፍም፣ 7490 ባብዛኛው ያልፋል። ቲንክፓድ ቲ470 አያልፍም፣ ቲ480 ባብዛኛው ያልፋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን የፕሮሰሰር ትውልድ ቁጥር እዩ።

ፕሮሰሰሩ አዲስ ሆኖም አልቀበልም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ቲፒኤሙ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ስለተዘጋ ነው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍታችሁ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ግቡ፤ ሴኪዩሪቲ ፕሮሰሰር የሚል ከሌለ ባዮስ ውስጥ ኢንቴል ከሆነ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤፍቲፒኤም የሚለውን ፈልጋችሁ አብሩት። ሁለተኛው ምክንያት ዊንዶውስ 10 በድሮው የሌጋሲ መንገድ መጫኑ ነው። ዲስኩ ላይ ያለውን ሳታጠፉ ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ የዲስክ አከፋፈል የሚቀይር መሣሪያ ዊንዶውስ 10 ውስጥ አብሮ አለ፤ ከሱ በኋላ ባዮሱን ዩኢኤፍአይ ወደሚባለው አዲሱ የማስነሻ መንገድ መቀየር ነው። የባክአፑ ነገር ግን አይዘለልም።

ፕሮሰሰሩ አሮጌ ከሆነ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ጊዜ መግዛት ነው፦ ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት አለ። ማሽኑ 22ኤች2 የሚባለው ስሪት ላይ መሆን አለበት፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የሴቲንግ ባክአፑን ለሚያበራ ሰው ያለ ክፍያ፣ ካልሆነ በ30 ዶላር ይመዘገባል። ሁለተኛው ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም የመስፈርቱን ፍተሻ የሚዘል ፍላሽ ሠርቶ ዊንዶውስ 11ን መጫን ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን ዓመታዊው ትልቅ አፕዴት በራሱ አይመጣም፣ በየጊዜው እንደገና በፍላሽ መጫን አለበት። ማይክሮሶፍትም ለእንዲህ ያለ ማሽን ዋስትና አይሰጥም። በጣም ያረጁት፣ ኮር 2 ዱዎ ያላቸው፣ 24ኤች2 በሚባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት ላይ ጨርሶ አይነሱም። ሦስተኛው ሊኑክስ ነው። ለጀማሪ ሊኑክስ ሚንትን እመርጣለሁ፤ መልኩ ለዊንዶውስ ሰው እንግዳ አይደለም፣ ሚንት 22 ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 አፕዴት አለው። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ዓይነት ያዙ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ፈትሹ። «ዊንዶውስ ስለከበደው ይንቀራፈፋል» የሚባለው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀራፈፈው በሃርድ ዲስኩ ነው። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ምንም ሳትነኩ አምስት ደቂቃ እዩት፤ ዲስክ የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኘ። የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየርና ራሙን 8 ማድረስ የትኛውም የሲስተም ለውጥ ከሚሰጠው በላይ ፍጥነት ይሰጣል። ሊኑክስ ሲነሳ የሚይዘው ራም ከዊንዶውስ 11 በእጅጉ ያንሳል፤ ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ስትከፍቱ ግን ክሮም የሚበላው በሁለቱም ላይ ተቀራራቢ ነው።

አማርኛ አጻጻፉ ብዙ ሰው ሲስተም ከቀየረ በኋላ የሚደነግጥበት ቦታ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የጽሑፍ ፕሮግራሞች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፤ ስለዚህ በድሮ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንቱ ብቻ ነው የሌለው። ቢሯችሁ እንዲህ ያለ ማህደር ካለው ሲስተም ከመቀየራችሁ በፊት አሮጌው ማሽን ላይ ከፍታችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ መታረም ያለበትን ደግሞ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩ።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ገጹ ይንሸራተታል። የተለመደው ምሳሌ ኒያላ የሚባለው ፎንት ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ክፍል ሆነና ቦታውን ኢብሪማ ያዘ። በኒያላ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ኒያላ በሌለው ማሽን ላይ ሲከፈት ፊደሎቹ ሰፋ ይሉና የመጨረሻው መስመር፣ ብዙ ጊዜ ፊርማና ማኅተም የሚያርፍበት፣ ወደ ሁለተኛው ገጽ ይወርዳል። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ስትጨምሩ ይስተካከላል። አማርኛን በቋንቋ ዝርዝሩ ላይ ብትጨምሩም አብሮ ይመጣል። ሊኑክስ ላይ ኒያላ የለም፤ በምትኩ አቢሲኒካ እና ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ አሉ። ሁለቱም ዊንዶውስ ላይ ስለሚጫኑ በሁለት ሲስተም የሚሠራ ቢሮ ከመጀመሪያው በአንዱ ቢስማማ ይህ ጣጣ ይቀራል።

ኪቦርዱም እንደዚሁ። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባለው የኪቦርድ ሥርዓት ውስጥ ኤም17ኤን የሚለውን ስትጨምሩ አማርኛ ሴራ የሚባል አጻጻፍ ታገኛላችሁ፤ በድምፅ ነው የሚጻፈው። በዚህኛው ል ለመጻፍ አንድ ቁልፍ፣ ለ ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ይጫናል። ሌላ አጻጻፍ የለመደ ፈጣን ጸሐፊ ጣቱ እስኪለምድ ይጉላላል። ለዚህ የምመክረው ኪማንን ነው፤ ነፃ ነው፣ ለዊንዶውስም ለማክም ለሊኑክስም አለ። ሲስተሙን ከመቀየራችሁ አንድ ወር ቀድማችሁ ዊንዶውሱ ላይ እያላችሁ ኪማንን ልመዱ። ሁለት ለውጥ በአንድ ቀን አታድርጉ።

ፕሪንተር ላይ ደግሞ ሞዴሉ እንጂ የምርት ስሙ ብቻ አይበቃም። ለኤችፒ ፕሪንተሮች ሊኑክስ ላይ ኤችፒሊፕ የሚባል ድራይቨር አለ፤ ሌዘርጄት ፒ1102ን የመሰሉት ግን ከሱ በተጨማሪ ከኢንተርኔት የሚወርድ ፕለጊን ይፈልጋሉ። ያ ሳይጫን ፕሪንተሩ ይታያል፣ ትእዛዙን ይቀበላል፣ ወረቀት ግን አያወጣም። ሰው ፕሪንተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ሌሎች አንዳንድ ርካሽና ያረጁ ሌዘሮች ለሊኑክስ ጭራሽ ድራይቨር የላቸውም።

ይህን ሁሉ ሳትጭኑ መሞከር ይቻላል፤ ሊኑክስ ከዊንዶውስ የሚበልጥበት አንዱ ግልጽ ነገር ይህ ነው። ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋውን የሚንት ፋይል አውርዱ፤ በሩፈስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፉት። ፍላሹ ላይ ያለው እንደሚጠፋ አስታውሱ። ላፕቶፑን ስታስነሱ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9፣ ዴል ወይም ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ12 ተጭናችሁ ፍላሹን ምረጡ። ዲስኩን ሳይነካ ይከፈታል። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ፕሮጀክተር፣ ፕሪንተር ሞክሩ፤ ክዳኑን ዘግታችሁ መልሳችሁ ክፈቱና መነሳቱን እዩ። አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች መጀመሪያ አይታዩም፤ ድራይቨሩ ደግሞ ከኢንተርኔት ነው የሚመጣው። መውጫው ስልካችሁን በገመድ አገናኝቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን ማብራት ነው፤ ያለ ምንም ድራይቨር ይሠራል። ከዚያ ድራይቨር ማናጀርን ከፍታችሁ ዋይፋዩን ታስገባላችሁ።

ሁለቱንም ጎን ለጎን የሚጭን ሰው የሚጠብቁት ወጥመዶች የታወቁ ናቸው። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ በርቶ ከሆነ ዲስኩን ከመክፈላችሁ በፊት 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገልብጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ያለሱ ዊንዶውሱ ከነፋይላችሁ ሊቆለፍ ይችላል። ፋስት ስታርትአፕ ካልጠፋ ዊንዶውስ «ተዘጋ» ሲባል በግማሽ ተኝቶ ይቀራል፤ ሊኑክስ ያን ዲስክ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል። እኛ ጋ ልዩነቱ 3 ሰዓት ስለሆነ ዊንዶውሱ በ3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ ሰው የማዘርቦርድ ባትሪ ገዝቶ ይቀይራል። ባትሪው ደህና ነው፤ ሊኑክስ ሰዓቱን በአካባቢ ሰዓት እንዲይዝ በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል ይበቃል።

ስለ ፍላሽ ቫይረስ አንድ ጥንቃቄ። ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ የሚያስቀምጠውን የምታውቁት ነው። ሊኑክስ ላይ ስትሰኩት እውነተኛዎቹም ፎልደሮች አቋራጮቹም አብረው ይታያሉ፤ አቋራጮቹን ሰርዛችሁ ፎልደሮቹን መገልበጥ ትችላላችሁ። እናንተን ባይነካችሁም ግን ያልጸዳውን ፍላሽ ወደ ኮፒ ቤት ስትወስዱት ለሌላው ታስተላልፋላችሁ።

ዊንዶውስ ላይ የምትቆዩ ከሆነ ሁለት ነገር። በስልክ ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ዋይፋዩን «ሜተርድ ኮኔክሽን» አድርጉት፤ አለበለዚያ በጊጋባይት የሚቆጠር አፕዴት ፓኬጃችሁን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ሁለተኛ፣ ክራክ ከመጫናችሁ በፊት ማሽኑ የራሱ ፈቃድ እንዳለው እዩ። ከዊንዶውስ 10 ጋር የተሸጡ የታወቁ ኩባንያዎች ላፕቶፖች ቁልፉ ባዮሳቸው ውስጥ አለ። ሆም የነበረውን በሆም፣ ፕሮ የነበረውን በፕሮ ከጫናችሁት ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ይከፈታል። ክራኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጸረ ቫይረሱን እንድታጠፉለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን አብሮ እንደገባ ማንም አይነግራችሁም።

ከውጭ ዘመድ ማክ የሚልክላችሁ ከሆነ፣ ላኪው ከመላኩ በፊት ከአይክላውዱ መውጣትና «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ» በሚለው ማጽዳት አለበት። ይህ ካልተደረገ ያለ ባለቤቱ አካውንት የማያስከፍተው አክቲቬሽን ሎክ ሊይዘው ይችላል፤ ላኪው ግን ካለበት ሆኖ በአካውንቱ ሊፈታው ይችላል። ማክ ላይ ፒችትሪ የለም፤ የአፕል ቺፕ ባላቸው ማክቡኮች ላይ ደግሞ ራምም ኤስኤስዲም አውጥቶ መቀየር አይቻልም።

የትኛውንም ብትመርጡ ባክአፑ ላይ የሚረሱት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ዴስክቶፕና ዶክመንትስን ሁሉም ያስታውሳል። ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር፣ ብሮውዘር ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን፣ የጫናችኋቸውን ፎንቶች ግን ይረሳሉ። የፒችትሪን ፎልደር ዝም ብላችሁ አትገልብጡ፤ ራሱ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ባክአፕ ተጠቀሙና የሚወጣውን ፋይል ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ያልተሞከረ ባክአፕ ላይ ተማምናችሁ ፎርማት አታድርጉ።

ሊኑክስ የጫናችሁበት ላፕቶፕ የእናንተ ካልሆነ፣ የወላጅ ወይም የጎረቤት ከሆነ፣ ከታች በኩል ወረቀት ለጥፉበት፦ «ሊኑክስ ሚንት ነው፤ ፎርማት አታድርጉ፤ መጀመሪያ በዚህ ቁጥር ደውሉ።» ሰፈር ውስጥ ቻርጀሩ አልሰካም ብሎ የተወሰደ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ተጭኖበት፣ ፋይሉ ጠፍቶ የሚመለሰው ይህች ወረቀት ስላልነበረች ነው።